ፕላዝማው ብቻ ያደነቀኝ ዓመት

ፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ቆቦ የገባው በእኔ ምክንያት ነው። ሌላ ነገር የሚነግራችሁ ሰው ካለ ቅናት ነው። እኔና እናቴ ከገጠር ተነስተን ቆቦ አንዲት ክፍል ቤት በተከራየን ሰሞን፣ አንድ ግዙፍ የጭነት መኪና ካርቶን ተሸክሞ አስፋልቱን ለቆ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ታጠፈ። ዘጠነኛ ክፍል ልገባ ነበር። ደረቴን ነፋሁና «መምጣቴን ሰምተዋል» አልኩ።

ምን ላድርግ? ነገሩ ሁሉ ወደዚያ ያጋድል ነበር። በመንደራችን ትምህርት ቤት መምህራኑ ሲደክማቸው ጠመኔውን ለእኔ ነበር የሚሰጡኝ። (ሁለት ጊዜ ሰጥተውኛል። አንዱን ጊዜ ለጎረቤት ክፍል እንዳደርስ ነው።) እናቴ አስረሳሽ ደግሞ ማሽላችን ገና ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ያለ የሌለ ዕቃችንን በጆንያ ማሰር ጀመረች።

«እማዬ፣ ማሽላው ሳይታጨድ የት ነው የምንሄደው?»

«ቆቦ። ለትምህርትህ ነዋ፣ ዓለሜ።»

«ታዲያ አጎቴ ይርጋ ያጭደዋል?»

«ይርጋ ሳውዲ ሄዷል አልኩህ እኮ። ያችን ብርድ ልብስ ያዝ።»

ይርጋ ሳውዲ አልሄደም። በዚያ ክረምት ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ወደየማሳቸው ሲጠልፉ ጠብ ተነስቶ፣ አጎቴ የአንድ ጌታሁን የሚባል ሰው ታናሽ ወንድም ገድሎ አፋር በረሃ ገብቶ ነበር። የአገሬው ወጣት ሁሉ በዚያው በረሃ አቋርጦ ሳውዲ ስለሚሄድ፣ ሲነግሩኝ አመንኩ። አባቴን አራጌን ገና ሳልድህ ወባ ወስዶታል። ከዚያ ቤት የቀረው ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። ደም የሚመልስ ሰው ደግሞ በኛ ወገን የሚፈልገው ገዳዩን ብቻ አልነበረም፤ ከገዳዩ ዘር ያማረውን ይፈልጋል። የተማረውን፣ ተስፋ የተጣለበትን። ሟችን የሚያህል ሰው ካልወደቀ ደሙ ተመለሰ አይባልም። ለአንድ ደነዝ ጥይት የሚያባክን ወንድም ይሳቅበታል እንጂ አይከበርም።

እናቴ ይህን እንዳይነግሩኝ መንደሩን ሁሉ አስምላ ነበር። ይሸበራል ብላ አይደለም። አፌን ስለምታውቅ ነው። አጎቴ ሰው መግደሉን ብሰማ ኖሮ ቆቦ ገበያ መሃል ቆሜ እፎክርበት ነበር። ምናልባትም ሁለት ገደለ እላለሁ።

እናም ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ፤ በራሴ ቤት የተሾምኩ ንጉሥ።

የክፍላችን ኃላፊ መምህር ሙላው ነበር። የፊዚክስ መምህር ነው፤ ግን ፕላዝማ ከመጣ ወዲህ ሥራው የብረቱን ሳጥን ከፍቶ ማብራት፣ ዳር መቆምና መጨረሻ ላይ ትንሽ መናገር ሆነ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ የተቆጣ የሚመስል ሰው። በመጀመሪያው ቀን መሰላል ላይ ወጥቶ መስኮቶቹን ሁሉ በጆንያ ሸፈነ፤ በሚስማር ቸነከራቸው። ሌሎቹ ክፍሎች እንዲህ አልተደረገላቸውም።

«ቲቸር፣ ሙቀቱ ገደለን!» አለች ሀስና። የዋጃ ልጅ ናት፤ ምላሷ ከእሷ ቀድሞ ነው ክፍል የሚገባው።

«ሙቀት የገደለው ሰው አላየሁም» አለ ሙላው ሚስማር በጥርሱ ይዞ። «ብርሃን ሲገባ ምስሉ አይታይም። ዘላለም አራጌ ማነው?»

«እኔ ነኝ!» ብዬ ተነሳሁ። ስሜን ከየት እንዳወቀው አልጠየቅኩም። ዝናዬ ቀድሞኝ ነዋ።

«አንተ እዚያ ጥግ። ከግድግዳው ጋር።»

ልጆቹ ሦስት ለሦስት በተጣበቁበት አግዳሚ፣ ለእኔ ሙሉ አግዳሚ ተሰጠኝ። ማንም አጠገቤ አልተቀመጠም። «ዕውቀቴን ፈርተው ነው» አልኩ። መስኮቱ በጆንያ የተሸፈነው፣ በመንገድ የሚያልፍ ዓይን የትኛው ልጅ የት እንደተቀመጠ እንዳያይ መሆኑን ሀስና ነች ከብዙ ዓመት በኋላ የነገረችኝ። አጠገቤ ያልተቀመጡትም ጥይት ጎረቤት እንደማይለይ እናቶቻቸው ስለነገሯቸው ነው። ክፍሉ ሁሉ ያውቅ ነበር። ከእኔ በቀር።

ሳጥኑ ሲከፈት ሰማያዊ ብርሃን ፊታችን ላይ ይፈስሳል። ኮት የለበሰ ሰው ይመጣና በእንግሊዝኛ ያወርደዋል። እኛ «ጉድ ሞርኒንግ» ብለን ሳንጨርስ እሱ ሌላ ምዕራፍ ውስጥ ነው። አይጠብቅም። ጥያቄ ይጠይቅና፣ ሥሩ ብሎ ሙዚቃ ይለቅቃል። ቲን፣ ቲን፣ ቲን የምትል አጭር ሙዚቃ። ልጆቹ ግማሾቹ ገና ጥያቄውን ይገለብጣሉ፤ ግማሾቹ ይተኛሉ። እኔ መልሱን አፌ ውስጥ ይዤ እጠብቃለሁ። ሙዚቃው ሲያልቅ ሰውዬው በቀጥታ ዓይኔን እያየ፣

«ዌል ደን!» ይላል።

ጎበዝ! ለእኔ ነው የሚለው። ለሌላ ለማን ሊል ይችላል? ሌላ የመለሰ ሰው እኮ የለም።

ለተኛውም፣ ላልገባውም፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ለቀሩት ወንበሮችም ያንኑ ይላቸው እንደነበር ዛሬ አላጣሁትም። ዛሬ እኔ ራሴ ለመምህራን የታብሌትና የስማርት ሰሌዳ ሥልጠና የምሰጥ ሰው ነኝ። ከወልድያ እስከ ዋጃ እኔ ያላበራሁት ስክሪን ካለ፣ የተበላሸ ነው። ታብሌቱ ሲያወድስ አብዛኛው ሠልጣኝ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

በዕረፍት ሰዓት ሁሉም ይወጣል። ሙላው እኔን አያስወጣኝም። «አንተ ሳጥኑን ጠብቅ» ይለኛል። ሳጥኑ የብረት በር አለው፤ በሩ ቁልፍ አለው፤ ምን ይጠበቃል? ግን ሹመት ነው ብዬ እኮራለሁ። ከውጭ የኳስ ጩኸት ይመጣል። ሸንኮራ ሲላጥ፣ ልጆች ሲሰዳደቡ፣ ሀስና ከሁሉም በላይ ስትስቅ ይሰማኛል። ጆንያው ቀዳዳ ስላለው የብርሃን ነጠብጣብ ወለሉ ላይ ይራመዳል። ሳጥኑ ሳይዘጋ በቀረባቸው ቀናት ጥቁሩ መስታወት ላይ ፊቴን አያለሁ። አንዳንዴ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዴ ለራሴ «ዌል ደን» እላለሁ፤ ግን በራስ አፍ ሲሆን አይጥምም።

ሲለቀቅም ሌላው በትልቁ በር ይወጣል፤ እኔን ሙላው በጓሮ በር ያስወጣኛል። እንደ ሚኒስትር። ሚኒስትሮች ግን ከኋላቸው የሚያወራ ሰው አላቸው። እኔ ከቁልቋሉ አጥር ጋር እያወራሁ ነው ቤቴ የምደርሰው።

«አንተ ጉረኛ» አለችኝ ሀስና አንድ ቀን ወደ ኋላ ዞራ፣ «ከፕላዝማው ጋር ልትጋባ ነው እንዴ?»

«ቢያንስ ያውቀኛል።»

«ወላሂ አላህ ይርዳህ» አለች። ስትዞር አልሳቀችም። ያኔ ተሸንፋ ነው ብዬ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ንግሥናዬን የሚያበላሸው። ሙላው ጠላኝ። እጄን ሳወጣ «አውርድ» ይላል። ሁሉም ዝም ባለበት ጥያቄ ብቻዬን ስነሳ «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህና! ቁጭ በል!» ብሎ ወደ ሌላው ያልፋል። ፈተና ሙሉውን ሠርቼ እሰጣለሁ፤ ሲመለስ ግማሹ ተሰርዟል። ለምን ብዬ ስጠይቅ በክፍሉ ፊት «ድንጋይ!» ይለኛል። ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ መምህራን ማረፊያ ቆሞ፣ መናኸሪያ ባጃጅ ሲጠብቅ፣ «ክፍሌ ውስጥ አንድ ድንጋይ አለ» ብሎ ያወራል። ወሬው ወደ እኔ ተመልሶ ይመጣል። ቆቦ ሁሉ ይሰማል።

በገበያ ቀን እናቴ ሽንኩርት ትሸጣለች። እኔ ከጆንያዎቹ ኋላ ተቀምጬ አነባለሁ፤ ከፊት እንድቀመጥ አትፈቅድም። ሙላው መጣና ከላይዋ ቆመ።

«ሴትዮ!» አለ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ። «ይሄ ልጅሽ ድንጋይ ነው! ከእረኝነት አውጥተሽ ለምን ታሰቃዪዋለሽ? ከሱ ግመል ብታስተምሪ ይሻልሽ ነበር!»

በዙሪያው ያሉት ነጋዴዎች ሳቁ። አንዲት ሽንኩርት የምትለቅም ሴት ቀና ብላ አየችን፤ መልሳ ወደ ሽንኩርቷ አቀረቀረች። እኔ ከጆንያው ኋላ ደሜ ፈላ። እናቴ ተነስታ ታዋርደዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ ምላሷ ቢላ ነው፤ የመንደራችንን ጭቃ ሹም አስለቅሳለች።

እናቴ ግን ጎንበስ ብላ ሽንኩርት መረጠች። ትልልቁን። ዘንቢሉን ሞላችለት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ሰማች?»

«በደንብ» አለ ሙላው። ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ ሽንኩርቱን የሚያገላብጥ መሰለ። «አብሽሪ። ለባሏ ታደርሳለች።»

ማን ምን እንደሰማች አልገባኝም። የገባኝ እናቴ በእኔ ተስፋ መቁረጧ ነው። እንዲያሳልፈኝ በሽንኩርት ትለማመጠዋለች! እኔን! ዘላለም አራጌን! የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ሽንኩርት የምትለቅመው ሴት የጌታሁን ሚስት መሆኗን እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ወልጄ ነው፤ ያውም ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስናወራ፣ እንደ ዋዛ።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ። አንድ ጊዜ፣ በሰው ፊት፣ በጆሮ በሚሰማ ሰው ፊት፣ ማን መሆኔን ማሳየት።

ዕድሉ በመጋቢት መጣ። ከወረዳ እንግዶች የፕላዝማ ትምህርቱን ሊያዩ መጡ፤ ከኋላቸው የወላጆች ተወካዮች ተከተሉ። ከወላጆቹ አንዱ ሽርጥ የታጠቀ፣ ዱላ የያዘ፣ ጸጉሩ ገብስማ የሆነ ጠይም ሰው ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ገባና ጨለማውን ለመልመድ ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ። ሙላው ሲያየው ከስክሪኑ አጠገብ ተነስቶ መጥቶ በቀጥታ አግዳሚዬ ፊት ቆመ። እንደ ግድግዳ።

«ቲቸር፣ ጋረድከኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

አልተንቀሳቀሰም። አንገቴን በጎኑ አውጥቼ ማየት ቀጠልኩ። ኮት የለበሰው ሰውዬ ሁለት ድንጋይ ይዟል፤ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል። እኩል ከለቀቅኳቸው የትኛው ቀድሞ መሬት ይደርሳል? ሊል ሲል ክፍሉ ድርግም አለ። መብራት ሄደ።

«እንግዲህ?» አለ የወረዳው ሰው በጨለማው። «መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ትምህርቱ አይጠብቅም፤ አዲስ አበባ ላይ ይቀጥላል» አለ ሙላው። «እኛ እንቀራለን።»

«እና ልጆቹ ቀሩ ማለት ነው?»

«አልቀሩም!» አልኩና አግዳሚው ላይ ወጣሁ።

ያንን ትምህርት ጠዋት ለጎረቤት ክፍል ሲተላለፍ በግድግዳው ማዶ ሰምቼዋለሁ። ከቆመበት አነሳሁት። በእንግሊዝኛ፣ በሰውዬው ድምፅ፣ በሰውዬው እጅ አወራወር። አንድ ሰው መስኮቱ ላይ ያለውን ጆንያ ገልጦት ነበርና ብርሃን ፊቴ ላይ ወደቀ። ጥያቄውን ጠየቅኩ። ሙዚቃውን ቲን ቲን አልኩ። ሙዚቃው ሲያልቅ እጄን ወደ እንግዶቹ ዘርግቼ «ዌል ደን!» አልኩ። የወረዳው ሰው አጨበጨበ። ዓለም እንዲህ ጸጥ ብላ አዳምጣኝ አታውቅም።

«ይሄ ማነው?» አለ ጠይሙ ሰው። አማርኛው ቀስ ያለ ነው። «የማን ልጅ ነው እንዲህ የሚናገረው?»

የአባቴን ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ሙላው ቀደመኝ።

«በቀቀን ነው!» አለና ከት ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። «አያችሁ? ሙዚቃውን ጭምር ነው የሸመደደው! ይሄ ነው የፕላዝማ ጉዳቱ፤ ዕቃ ዕቃን ያስተምራል። ትርጉሙን ብትጠይቁት አንዲት ቃል አያውቅም።»

ጠይሙ ሰው ቀረብ አለ። ሙላውን በዱላው ጫፍ በዝግታ ገፋ አድርጎ አየኝ። ዓይኑ ቁጡ አልነበረም። የደከመ ነበር።

«እስቲ ልጄ» አለኝ፣ «ምንድነው ያልከው? በአማርኛ ንገረኝ። ከባዱና ቀላሉ ድንጋይ ምን ይሆናሉ?»

አውቀው ነበር። ከማወቅም በላይ፣ ከቤታችን ጀርባ ካለው የውሃ ታንከር ላይ ወጥቼ ጡብና ጠጠር ለቅቄ ሞክሬው ነበር። እኩል ነው የሚወድቁት፤ ምድር ለከባዱ አታደላም። እንዲህ ልለው ደረቴን ነፋሁ።

«ከባዱማ...» ስል ሀስና ከፊቴ ፈነዳች።

«ከባዱማ እሱ ራሱ ነው!» ብላ ጠረጴዛውን በመዳፏ ደበደበች። «ድንጋይ! ኧረ ጋሼ ተውት፣ ትናንት የራሱን ስም ስፔሊንግ ጠፍቶት ነበር! ድንጋይ ስለ ድንጋይ ሊያወራ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም ጠረጴዛ መደብደብ ጀመሩ፤ «ድንጋይ! ድንጋይ!» እያሉ። ያ ሁሉ ልጅ በአንድ አፍ። ስናገር ድምፄን ራሴም አልሰማው አልኩ። እኩል ነው፣ እኩል ነው የሚወድቁት እያልኩ ነበር፤ ከዚያ እንባዬ መጣና አግዳሚዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ጠይሙ ሰው ለረጅም ጊዜ አየኝ። «ምስኪን እናቱ» አለና ወደ በሩ ዞረ። እንግዶቹ ተከተሉት።

ሲወጡ ሳቁ በአንዴ ቆመ። ሙላው መጥቶ አግዳሚዬ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። በዚያ ዓመት አጠገቤ የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው ነው። ሸሚዙ ከጀርባው ረጥቦ ተጣብቋል፤ እጁ ውስጥ የነበረውን ጠመኔ እየሰባበረ ያደቅቃል። ንዴት መሰለኝ። ተነስቼ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ።

ሁለቱን ወገን አስታርቀው ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች የተቀመጡት ከዚያ ብዙ ቆይተው ነው። ሀስና ዛሬ ሮቢት ከተማ ሞባይል ትጠግናለች፤ ስሄድ ስልኬን ሳይበላሽ እሰጣታለሁ። ስለዚያ ቀን ስንነጋገር «የመንግሥት ትምህርት ቤት እንደዚያ በአንድ ድምፅ ሠርቶ አያውቅም» ትላለች። እኔም የማላጋንነው ብቸኛ ታሪኬ ይህ ነው፤ ማጋነኛ ቦታ የለውም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የወላጆች ቀን ሆነ። ባንዲራው ምሰሶ ሥር ጠረጴዛ ተደረገ፤ ወላጆች ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ነጠላዋን አጥባ መጥታ ሴቶቹ መሃል ተቀመጠች። ጠይሙ ሰው ከጎን ቆሞ ዱላው ላይ ተደግፏል። አሁን ስሙን አውቄዋለሁ፤ ሰዎች «ጋሽ ጌታሁን» ሲሉት ሰምቻለሁ። ሌላ ነገር ግን አላወቅሁም። ሙላው የክፍላችንን ስም ያነብ ጀመር። «ተዛውሯል። ተዛውራለች። ተዛውሯል።» ሀስና ተዛወረች። የሚተኙት ልጆች እንኳ ተዛወሩ። እኔ ስሜ እስኪጠራ ሸሚዜን እያስተካከልኩ ቆሜአለሁ። የመጨረሻ ፈተናውን በአንድ እጄ ነበር የሠራሁት። ድንጋይ ያለኝ ሰው ዛሬ በሕዝብ ፊት ይፈረድበታል አልኩ፤ ወረቀት አይዋሽም።

«ዘላለም አራጌ» አለ ሙላው። ቀና ብሎ እኔን አላየም። ከጭንቅላቴ በላይ ዱላው ላይ ወደተደገፈው ሰው አየ። «አልተዛወረም። በሁሉም ትምህርት ወድቋል።»

ጆሮዬ ጭው አለ። ጌታሁን ራሱን ነቀነቀ፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ እጆቹን ሰቅሎበት፣ በሰዉ መሃል ወደ በሩ ሄደ። ወደ ኋላ አልዞረም።

ያኔ ነው እልልታው የተሰማው።

እልል! አለች አንዲት ሴት። ሰዉ ሁሉ ዞረ። እናቴ ነበረች። ቆማለች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፤ አንገቷ ተወጥሮ እንደ ሠርግ ቤት ትለቀዋለች።

«ውይ፣ ያለፈ መስሏት እኮ ነው!» አለች አንዷ። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። «ኧረ ንገሯት! አንቺ ሴትዮ፣ ወድቋል ነው የሚሉሽ!» እናቴ አልሰማቻቸውም። ሰዉን እየገፋሁ፣ ፊቴ በእፍረት እየነደደ፣ ደረስኩባትና ክንዷን ያዝኩ።

«እማዬ! ወድቄያለሁ እኮ! ወደቀ ነው ያሉት፤ አላለፍኩም!»

ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። ሽንኩርት ሽንኩርት ትላለች። ልቧ በጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር።

«ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ሰምቻለሁ፣ ዓለሜ።»

ደግማ እልል አለች።